የወደቀ ጋሻ ሕግ

«ጋሻዬ ወደቀ እንጂ እኔ መቼ ወደቅኩ!» ተክሌ ከተቀመጠበት ዱካ ብድግ አለ። «ጦሬ በእጄ ነው፤ እግሬም እንደቆመ ነው። ታዲያ ተራዬ ለምን ያልፋል?»

«ያልፋል» አለ አስማረ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ጋሻህን ላንሳ ካልክ ትጎነበሳለህ። የጎነበሰ ሰው አይወጋም። አውራሪሱም እስክትቃና ቆሞ አይጠብቅህም፤ አንድ ጊዜ ይወጋሃል።»

«ባላነሳውስ?»

«ያለ ጋሻ ትዋጋለሃ።»

ተክሌ ተመልሶ ተቀመጠና ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠ። ጠረጴዛው የአስማረ የእንጨት ሥራ ጠረጴዛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መጋዝና መላጊያ ሲንጋጋበት ይሰነብትና እሑድ ሲሆን አገር ይሆናል። ሰጋቱራው ሜዳ ነው። የመላጊያ ፍቅፋቂ በረዥሙ ሲዘረጋ ወንዝ ይሆናል፤ የማጣበቂያው ጣሳ ደግሞ ተራራ። ወንዙ ዳር ከዋንዛ የተቀረጸች ጣት የምታህል ሰው ቆማለች፤ አጠገቧ አንዲት የባቄላ ክክ ወድቃለች። ምስሉ የተክሌ ጀግና ካሴ መብረቁ ነው። ክኳ ጋሻው ናት። ከወዲያ ማዶ ቀንዱ እንደ ሞፈር የረዘመ አውራሪስ ቆሞ ይጠብቃል።

ተክሌን ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ የማያውቀው የለም። የእርሻ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። ውሻ ስለሚፈራ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም፤ አለቃው ሲያስነጥሰው እንኳ እሱ ይደነግጣል። ካሴ መብረቁ ግን ሌላ ሰው ነው። እሑድ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ያ ድምፁ የማይሰማ ጸሐፊ ደረቱን ነፍቶ፦

«ካሴ ካሴ ሲሉት፣ ዝም ብሎ ይመጣል፣
ጦሩን የሰበቀ ለት፣ አውራሪስ ይሮጣል!»

ብሎ ይፎክራል። ሳይፎክሩ መዋጋት በዚህ ጨዋታ አይፈቀድም። አውራሪሱ ግን እስከ አሁን አንድ ቀን ሮጦ አያውቅም።

ጨዋታውን ያመጣው አስማረ ነው። በ1970 ዓ.ም. ከምሥራቁ ጦርነት ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ከጎኑ ጌታቸው የሚባል እግሩ በጄሶ የታሰረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። መጽሐፍ የለም፤ ሬዲዮኑ ከመዝሙርና ከመግለጫ ሌላ አያወራም። ጌታቸው አራት ዛጎል ከነርሷ ለምኖ «ና ተነስ፣ ሌላ አገር እንሂድ» አለው። ካልተነሱበት አልጋ ላይ ሆነው አራት ወር ሙሉ ሌላ አገር ሲዘምቱ ከረሙ። ሕጉ ቀላል ነው። አንዱ የሆነውን ይተርካል፣ እዚህ ቤት ተራኪው አስማረ ነው፤ ሌሎቹ አንዳንድ ጀግና ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ዛጎሎቹ ይጣላሉ። ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው የወደቁት በበዙ ቁጥር ነገሩ ይሳካል። አራቱም ከተደፉ የያዙት ዕቃ ከእጅ ይወድቃል። ጠመንጃ በጨዋታው የለም፤ ጦር፣ ጋሻና ሰይፍ ብቻ። ጠመንጃ ያለበት ጨዋታ በዚያ ዘመን ቀበሌ ድረስ ያስጠራ ነበር።

«አሰለፈች ከካሴ ጎን ነው የቆመችው» አለች ሐረገ ወይን።

ሐረገ ወይን የአስማረ ሚስት ናት። አሰለፈች ደግሞ የእሷ ጀግና፣ ባለ ሰይፏ። ሐረገ ወይን ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሁለቱ ወንዶች ድምፅ በላይ የምትሰማ እሷ ነበረች። ዛሬ ጨዋታው ከተጀመረ አፏን ስትከፍት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እና?» አለ አስማረ።

«እናማ ጋሻውን ታንሳለት። ለእሷ ቅርቧ ነው።»

«አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም?»

«የወደቀ ዕቃ የባለቤቱ ነው። ሌላ ሰው አይነካውም። ሕጉን ታውቂው የለ?»

«አውቀዋለሁ» አለችና ዛጎሎቹን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀቻቸው። ተራዋ ስላልነበረ ስንት እንደተገለበጠ ማንም አልቆጠረም።

ተክሌ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየና ቆሎ ዘገነ። ነገሩ የጋሻ እንዳልሆነ ለመረዳት ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም።

ነገሩ የአርብ ነው። የአስማረ ቀኝ እጅ ሲያዩት ደህና ነው፤ ክንዱ ላይ ካለችው ጠባሳ በቀር ምንም የለበትም። ግን ሁለቱ ጣቶቹ አይሰሙም፤ እጁም እንዳሰኘው፣ ሳያስጠነቅቅ፣ ይከፈታል። ጣሳ ይዞ ከሆነ ጣሳው ይወድቃል፤ መሮ ይዞ ከሆነ መሮው። አርብ ዕለት የሳጥን መጋጠሚያ ሲፈለፍል መሮው ወደቀ። ሐረገ ወይን ፍቅፋቂ እየጠረገች ነበርና ፈጥና አንስታ ዘረጋችለት። «ተይው! እጅ የለኝም ወይ!» ብሎ ጮኸባት። ጩኸቱ ከአጥር አልፎ ጎረቤት ተሰማ። እሷም መሮውን እንደገና መሬት ላይ፣ መጀመሪያ የወደቀበት ቦታ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ «ብላ» እና «ጠጣ» ካልሆነ በመካከላቸው ሌላ ቃል የለም።

አስማረ እንዳጠፋ ያውቃል። አንድ ሰው እንዳጠፋ ሲያውቅ የሚጠፋበት ነገር ቢኖር የመጀመሪያው ቃል ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልገው ሰንብቶ አላገኘውም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ በሩ ተንኳኳ። የግንቦት ዝናብ ነው፤ በረዶ የቀላቀለ። ሐረገ ወይን ከፈተች።

«ቤቶች! የክርስቲያን ቤት ነው?»

«ውይ፣ የኔታ! ይግቡ፣ ይግቡ፤ ምን ዝናብ ነው ያገኘዎት!»

መሪጌታ ቸኮል ጋቢያቸው ውኃ እያንጠባጠበ ገቡ። አስማረ ሲያያቸው ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ጋቢው ውስጥ ከተተ።

መሪጌታ የጥድ አምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፤ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ በሚወርደው መንገድ፣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ዜማ በድጓ ትምህርቷ ከታወቀችው ደብር ከቤተ ልሔም ተምረው ነው የወጡት። የደብራቸው የደቡብ በር፣ ሴቶች የሚገቡበት፣ በምስጥ ተበልቶ አንደኛው መዝጊያ ከወደቀ ሰነበተ። ያን በር በዘመኑ የጠረቡት የአስማረ አባት ነበሩ። ስለዚህ መሪጌታ ከፋሲካ በፊት መጥተው «የአባትህን ሥራ አንተ ተካው፤ ለኅዳር ሰባት ይድረስልን» አሉት። አስማረ ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ መሮ አንስቶ ጉንጉን ቅርጽ ሊሞክር ቢል እጁ ሦስት ጊዜ ተከፈተበት። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ሁለት ጊዜ ቢልኩበት ሁለት ጊዜ «ላስብበት» ብሎ መለሰ። ስለ እጁ አንዳች አልነገራቸውም። መሪጌታ የሚያውቁት የአናጢ ልጅ አናጢ መሆኑን ብቻ ነው።

«ሁለቴ ላክሁብህ፤ ሦስተኛውን ራሴ መጣሁ» አሉ መሪጌታ፣ ሐረገ ወይን ባቀረበችላቸው መቀመጫ ላይ እየተመቻቹ። «ነገ ጠዋት የጭነት መኪና ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል አሉኝ። እዚያ አንድ አናጢ አለ። እሺ ካልከኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ እንቢ ካልከኝ መኪናው ላይ እወጣለሁ። አሁን ንገረኝ።»

«ዝናቡ ያባራ፣ የኔታ። መጀመሪያ ይሙቁ።»

«ዝናቡና በሩ ምን አገናኛቸው?» አሉ መሪጌታ፤ ሆኖም ብርዱ አሸንፏቸው ሐረገ ወይን የሰጠቻቸውን ጠላ ተቀበሉ። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ገበጣ ነው?»

ተክሌ ቀላ። ለመንግሥት ሠራተኛ ከቄስ ጋር ተቀምጦ መታየት ይባስ ወይስ ከእንጨት አውራሪስ ጋር ሲጫወቱ መታየት፣ አላወቀም። «ዝም ብሎ የእሑድ ጨዋታ ነው፣ የኔታ። የቀበሌው ስብሰባ ዛሬ ስለቀረ ነው።»

«አጫወቱኝ እስቲ።»

ተክሌ ማስረዳት ጀመረ። መጀመሪያ እየፈራ፣ በኋላ እጁን እያወናጨፈ። መሪጌታ ዓይናቸውን በከፊል ጨፍነው ሰሙት።

«ሰውየው አለ፤ ግን የለም» አሉ በመጨረሻ። «ይናገራል፤ የሚናገረው ግን አንተ ነህ።»

«በትክክል!»

«ቅኔ ነዋ! ታዲያ ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬድሃል? በሉ ለእኔም ሰው ስጡኝ።»

አስማረ ሳይወድ ሳቁ መጣ። በግራ እጁ አንዲት የዋንዛ ሰው ከሳጥን አወጣ። «ጦር ነው ሰይፍ የሚይዙት፣ የኔታ?»

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። በጨዋታም ቢሆን ደም አላፈስም። መቋሚያ ይበቃኛል።»

አስማረ ከጥድ ስንጣሪ ጣት የማትሞላ መቋሚያ ሰብሮ ሰጣቸው።

«ስሙን ማን እንበለው?» አለች ሐረገ ወይን።

«የኔታ ፋንቱ። ዜማ ያስተማሩኝ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። እሳቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አውራሪስ ቀርቶ የአውራጃው ገዥ ይንቀጠቀጥ ነበር።» ከዚያም የዋንዛዋን ሰው ካሴ መብረቁ አጠገብ አቆሙና ተራቸውን ሳይጠብቁ ፎከሩ፦

«የኔታ ፋንቱ ነኝ፣ ባለመቋሚያው፣
ለሳተ ተማሪ፣ የለው መሸሸጊያው!»

ዛጎሎቹን ጣሉ። ሦስቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ።

«ምን ሆነ? ምን ሆነ?»

«አፍንጫውን መቱት» አለ አስማረ። «አውራሪሱ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።»

«ድገም በለው!» መሪጌታ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «አንተ ደንቆሮ፣ ገና ከመጀመሪያው ነው የሳትከው፤ ከላይ ጀምረህ ድገም!»

ሐረገ ወይን ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። አስማረ ያን ሳቅ ከአርብ ወዲህ አልሰማውም ነበር። ሁለት ቀን ብቻ ነው ቢሉት አያምንም። እንደዚህ ናፍቆት እንደነበር እስኪሰማው ድረስ አላወቀም። አውራሪሱን ረስቶ እሷን ሲያይ ተክሌ በክርኑ ጎሰመው።

ጨዋታው ሞቀ። አሰለፈች በሰይፏ የአውራሪሱን ጆሮ ቆረጠች። ካሴ መብረቁ ጋሻውን እንደተወው ያለ ጋሻ ገፍቶ ጭኑ ላይ ተወጋ፤ ተክሌ የራሱን ጭን ይዞ «እህ!» አለ። መሪጌታ ሁለተኛ ተራቸው ሲደርስ ፎክረው፣ ዛጎሎቹን በሁለት እጃቸው አሽተው፣ በስመ አብ ብለው ጣሉ።

አራቱም ተደፉ።

«ወደቀ» አለ አስማረ።

«ምኑ?»

«መቋሚያዎ። ከእጅዎ ወደቀ።»

«እንግዲያው አንተ ካሴ፣ አንሳልኝ» አሉ መሪጌታ ወደ ተክሌ ዞረው።

«እኔ አልችልም፣ የኔታ። ክልክል ነው።»

«አንቺስ?»

«ሕጉ አይፈቅድም» አለች ሐረገ ወይን። ወደ አስማረ አላየችም። «የወደቀ ዕቃ ከባለቤቱ በቀር ሰው አይነካውም። ጎንበስ ብለው ራስዎ ማንሳት አለብዎት። ሲጎነበሱ አውራሪሱ ይወጋዎታል።»

መሪጌታ የጠላ ጣሳቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። የቅድሙ ጨዋታ ከፊታቸው ጠፋ።

«ይሄ ሕግ አይደለም» አሉ። «ስሙኝ። ማኅሌት ላይ ቆመን፣ ወረቡ ሲፋፋም፣ የአንዱ ጸናጽል ወይም መቋሚያ ከእጁ ይወድቃል። ላብ አለ፣ ድካም አለ፣ ይወድቃል። እኛ ደብር የጣለው ሰው አይጎነበስም። በባዶ እጁ ከሌሎቹ ጋር ይወርባል። የሚጎነበሰው ከጎኑ ያለው ነው፤ አንስቶ እጁ ላይ ያኖርለታል። የጣለው ራሱ ከጎነበሰ መስመሩ ይሰበራል፣ ዜማው ይሰበራል። እኔ የኔታ ፋንቱን ያህል ሰው መቋሚያቸውን አንስቼ ሰጥቻቸዋለሁ። አላፈሩም፤ አላመሰገኑኝምም። ዝም ብለው ተቀብለው ቀጠሉ። ይሄን ሕግ የደነገገው ማን ነው?»

«ጌታቸው ነዋ» አለች ሐረገ ወይን። «ሆስፒታል ጨዋታውን ያስተማረው ልጅ።»

አስማረ ዝም ቢል ያልፍለት ነበር። ጌታቸው ሩቅ ነው፤ በሕይወት ይኑር አይኑርም አይታወቅም፤ መጥቶ አይመሰክርበትም። ግን በሌለ ሰው ላይ ማላከክ ሆዱ እሺ አላለውም።

«ጌታቸው አይደለም» አለ። «ጌታቸው እንዲህ አላለም። ከጎን የቆመው ያንሳ፣ ተራውም አይለፍበት ነበር የሚለው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች አራት እጅ አላቸው ይል ነበር። እኔ ነኝ የቀየርኩት። አገሬ ስመለስ።»

ሐረገ ወይን ቀና ብላ አየችው። ሦስት ዓመት በዚህ ሕግ ተጫውታለች።

«ለምን ቀየርከው?» አሉ መሪጌታ።

አስማረ ከጋቢው ሥር ቀኝ እጁን በግራው ጨብጦ ያዘ። መልሱን ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ሲሮጥለት ሰልችቶት፣ ማንም የማያነሳለት አንድ አገር፣ የሰጋቱራ አገርም ቢሆን፣ ፈልጎ ነው። ይህን ግን በመሪጌታ ፊት እንዴት ይናገረው? ከተናገረው እጁ ይታወቃል፤ እጁ ከታወቀ በሩ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል።

ሐረገ ወይን ጋቢው የተወጠረበትን ቦታ አየች። ምን እንደያዘ ከማንም በላይ ታውቃለች። ተቆጥታበታለች፤ ልታጋልጠውም አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

«ጨዋታው እንዲከብድ ብሎ ነው፣ የኔታ» አለች ፈጠን ብላ። «ካልከበደ በአንድ እሑድ ያልቅብናል። ይጠጡ እንጂ፣ ጠላው ተቀመጠ።»

አስማረ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሁለት ቀን ያኮረፈችው ሴት፣ እሱ የጮኸባት ሴት፣ ገበናውን ሸፈነችለት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሊያሳፍረው ሆነ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

«ተክሌ፣ አንሳላቸው» አለ። «አሰለፈችም የካሴን ጋሻ ታንሳለት። የማንም ተራ አያልፍም።»

ከዚያ በኋላ አውራሪሱ ምን ዕድል አለው? መሪጌታ በመቋሚያ፣ አሰለፈች በሰይፍ፣ ካሴ መብረቁ በጦርና በጋሻ ከሦስት በኩል ከበው ወንዙ ድረስ ገፉት። ተክሌ ስድስት ጊዜ ፎከረ። አውራሪሱ በመጨረሻ ጀርባውን ሰጥቶ በፍቅፋቂው ወንዝ ተሻገረና ከማጣበቂያው ጣሳ ኋላ ተሰወረ። ተክሌ ከደስታው ብዛት መሪጌታን ሊያቅፍ ተነስቶ መሃል መንገድ ላይ አፈረና መስቀላቸውን ተሳለመ።

ዝናቡ ማባራቱን ያወቁት ቤቱ ጸጥ ሲል ነው። መሪጌታ ጋቢያቸውን ጨምቀው ተነሱ።

«ጥሩ ዋልን። እህስ፣ አስማረ? አሁን ዝናብ የለም።»

አስማረ ያዘጋጀው መልስ ነበረው። «ሥራ በዝቶብኛል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» የሚል። ሳምንት ሙሉ ለምዶታል፤ ሰው አያስከፋም፣ ምንም አይገልጥም። ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ሐረገ ወይን ጣሳዎቹን እየሰበሰበች እንደማትሰማ ሰው ሆናለች፤ ግን ጣሳ አይንኳኳም።

አስማረ ቀኝ እጁን ከጋቢው አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ሰጋቱራው መሃል አኖረው።

«የኔታ፣ ይችን እጅ ይዩልኝ። ደህና ትመስላለች፤ ግን ደህና አይደለችም። ጥይት አግኝቷት ነው። የያዘችውን ትጥላለች። የአባቴ ዓይነት ቅርጽ ብቻዬን ልቀርጽ አልችልም። ላስብበት ያልኩዎት ውሸቴን ነው፤ የሚታሰብ ነገር ኖሮኝ አይደለም።»

መሪጌታ እጁን አዩት። «ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም?»

«ለደብረ ታቦሩ ሰውዬ ይሰጡብኛል ብዬ።»

«እሰጥ ነበር» አሉ መሪጌታ። «አልዋሽህም።»

«መዶሻውን በግራዬ እችላለሁ» አለ አስማረ። ቶሎ ቶሎ ይናገር ጀመር፤ ካቆመ እንደማይቀጥል ያውቃል። «ግራዬ ብርቱ ናት። መስመሩን እኔ አሰምራለሁ፣ እኔ እመታለሁ። የሚቸግረኝ መሮውን መያዝ ነው። መሮውን ሐረገ ወይን ብትይዝልኝ…» አለና ቆመ። እሷን ገና አልጠየቃትም። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

ሐረገ ወይን ጣሳዎቹን አስቀመጠች።

«የትኛውን መሮ? የአርቡን?»

«የአርቡን።»

«ያነሳሁት አዝኜልህ መስሎህ ነው የጮህከው?»

«አዎ።»

«የአባትህ መሮ ነው፤ ወለሉ ደግሞ ድንጋይ ነው! በወደቀ ቁጥር አፉ ይዶለዱማል። የሚስለው ማን ነው? እኔ! ሁልጊዜ ማታ ማታ እኔ ነኝ የምስለው። ያዘንኩት ለመሮው ነው።»

ተክሌ ቆሎ ትን አለው። አስማረም ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ያዘው፤ ገና የሚቀር ነገር ነበርና። ያ ሁለት ቀን ያጣው ቃል ምንም ያህል አልራቀም ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

«አልሰማሁም። ስትቆጣኝ ጎረቤት ሰምቶሃል።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ!» ብሎ ጮኸ። ከበሩ ሥር የተጠለለች ዶሮ ብር ብላ ወጣች፤ ከአጥር ወዲያም አንድ ሰው «ምን ሆናችሁ?» አለ።

«ምንም!» አለች ሐረገ ወይን በዚያው ድምፅ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞራ ነጠላዋን አስተካከለች። «እይዛለሁ፣ የኔታ። እጄ አይንቀጠቀጥም። ጣቴን ከመታኝ ግን በሩም ይቀራል፣ ትዳሩም ይቀራል።»

ተክሌ በቀስታ «ሴት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ… ነውር የለውም ይሆን፣ የኔታ?» አለ። ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ጸሐፊ ነውና ነገር በኋላ እንዳይበላሽ ብሎ ነው።

«የደቡብ በር ነው» አሉ መሪጌታ። «የሚገቡበት ሴቶች ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳልመው ያለሰለሱት እነሱ ናቸው። በል ወረቀት አውጣ፤ ውሉን ጻፍልንና ወደ ማደሪያዬ ልግባ፣ ሳይጨልም።»

ተክሌ ከኮቱ ኪስ የቢሮ ወረቀት አወጣ። ሰጋቱራውን በክንዱ ጠረገና ቀኑን ጻፈ፤ ግንቦት 15 ቀን 1974 ዓ.ም.። ከዚያ እጁ ከልማዱ ሳይጠይቀው በትልቁ የመንግሥት ደብዳቤ መፈክሩን «አብዮታዊት…» ብሎ ጀመረና ደንግጦ ቆመ።

«እሱን በሩ ላይ እንዳትቀርጹት እንጂ ወረቀቱ ላይ ቢኖር አልጠላም» አሉ መሪጌታ። «ሲያነቡት ዝም ይሉናል።»

ተክሌ መፈክሩን ጨርሶ ወደ ውሉ ገባ። ሁለት መዝጊያ፣ ዋንዛ እንጨት፣ በመሃል መስቀል፣ በዳር ጉንጉን፤ ለኅዳር ሰባት የሚደርስ። ሁሉንም በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ አሰፈረና ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ።

«ሠራተኞቹ እዚህ ላይ ይገባሉ» አለ። «ሁለት ስም ነው እንግዲህ። የማንን ላስቀድም?»

ሐረገ ወይን የባሏን ስም ልትናገር አፏን ከፈተች። አስማረ ቀደማት።

«መሮ የምትይዘዋን» አለ።